ሰባት ዲግሪ ተኩል

መቼም የድሮ ቮልስዋገን ያለው ሰው የሚኖረው ከመኪናው ጋር ሳይሆን ከመካኒኩ ጋር ነው። የመጨረሻዋ የጥንቷ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው፤ ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ሆነ። ባሕር ዳር ላይ ግን ዛሬም አልፎ አልፎ ከጣና ዳር ዘንባባ ሥር ቆማ ታገኟታላችሁ። የኔዋም አንዷ ናት።

የዚች መኪና ሞተር ውኃ አያውቅም። ራዲያተር የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት በቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ የሚነፍስላት አየር ብቻ ነው። የሙቀት መለኪያም አልተሠራላትም። ስለዚህ ስትግል አትናገርም፤ ታመው እንደማይናገሩ አዛውንት ችላ ችላ አንድ ቀን ዘጭ ትላለች። የእሳቷ ሰዓት፣ መካኒኮቹ ታይሚንግ የሚሉት፣ ብዙ ጥንቃቄ የሚፈልገውም ለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒስተኑ አየሩንና ቤንዚኑን እየጨመቀ ወደ ላይ ይወጣል። ልክ ጫፍ ሲደርስ ካንዴላዋ እሳት ብትሰጥ ተገቢ ይመስላል። አይደለም። እሳት ለመስፋፋት ጊዜ ይፈጅበታል፤ ከሺህ ሰከንድ ጥቂት እጅ ቢሆንም ጊዜ ጊዜ ነው። ስለዚህ ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት መምጣት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተሠሩት ብዙዎቹ ላይ ልኩ 7.5 ዲግሪ ቀደም ማለት ነው። በጣም ከቀደመ እሳቱ ገና በመውጣት ላይ ያለውን ፒስተን አናቱን ይለዋል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ሲብስ ፒስተኑ ይበሳል። ከዘገየ ደግሞ ፒስተኑ መመለስ ጀምሯል፤ ጉልበቱ ይባክናል፣ ነበልባሉ በጭስ መውጫው በኩል ይሄዳል፣ ቫልቩ ይቃጠላል። (በነገራችን ላይ ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። ስንት ዓመት ስለ ዘይቤ ሳስተምር ይህን ምሳሌ ጋራዥ ውስጥ ትቼው መኖሬ ይገርመኛል።)

የኔ መካኒክ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጋሼ ናቸው። መሣሪያቸው አንዲት ትንሽ አምፖልና ሁለት ሽቦ ነው። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃሉ። በመጀመሪያ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉትን የኮንታክት ምላሶች ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ላይ ያውላሉ፤ እሱ ከተዛባ ሰዓቱም ይዛባላ። ቀጥሎ ፑሊው ላይ ያለችውን ጭረት የሞተሩ ሁለት ግማሾች ከተጋጠሙበት መስመር ጋር ያስተካክላሉ። አንዱን ሽቦ ከኮይሉ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ በሚሄደው ጫፍ ላይ፣ ሌላውን ከመኪናዋ ብረት ጋር ያያይዙና ቁልፉን ይከፍታሉ። ዲስትሪቢዩተሩን ፈታ አድርገው አምፖሏ እስክትጠፋ በሰዓት አቅጣጫ ያዞሩታል፤ ከዚያ በጣም ቀስ ብለው ይመልሱታል። አምፖሏ ቦግ ስትል እጃቸው ይቆማል። ኮንታክቱ የተከፈተው፣ እሳቱም የሚፈነጥቀው በዚያች ቅጽበት ነው። ያጠብቃሉ፤ አለቀ።

ሌሎች በጆሮ ነው የሚሠሩት። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ዲስትሪቢዩተሩን ያዞሩና ድምፁ ሲጥማቸው ያጠብቃሉ። ጋሼ ይህን አይወዱም።

«በጆሮ ሲሆን ሁሌ አለልክ ይቀድማል፣ መምህር» ይሉኛል። «ቆማ ስትሰማት ደስ ትላለች። ዕዳው ቤዛዊት ዳገት ላይ ነው።»

ሆኖም ጋሼ ለቁጥርም አይሰግዱም። መመሪያው የተጻፈው ጀርመን ሜዳ ላይ ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በስስ አየር ውስጥ እሳት ቀስ ብሎ ስለሚስፋፋ ጥቂት ያስቀድሙላታል። እሷኑ ይዛችሁ መተማ ቆላ ብትወርዱ ያው ሰዓት ሊያንኳኳ ይችላል። በድሮዎቹ ላይ ደግሞ የሦስተኛው ሲሊንደር ጉዳይ አለ። የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ስለሚከልልበት ከወንድሞቹ ይልቅ ይግላል። ፋብሪካው ታዲያ ለእሱ ብቻ እሳቱ ጥቂት ዲግሪ ዘግይቶ እንዲደርሰው አድርጎ ዲስትሪቢዩተሩን ሠራው።

ይህን ሳይ መርዶ ትዝ ይለኛል። እኛ ለክፉ ወሬ ታይሚንግ ያበጀን ሕዝብ ነን። እናቱ ለሞተችበት ሰው እኩለ ሌሊት ላይ በስልክ አናረዳም። ንጋት ይጠበቃል፤ ዘመድና ዕድርተኛ ይሰበሰባል፤ ከዚያ በር ይንኳኳል። የባዕድ አገር ሰው ይህ ውሸት ይመስለዋል። እኔ ልማዱ ልክ ነው ባይ ነኝ። ባዶ ሆዱን፣ ብቻውን፣ ሥራ ላይ ላለ ሰው ሞት መናገር በመውጣት ላይ ያለን ፒስተን አናቱን መምታት ነው። የሚያስቸግረው ሰዓቱን ማን ይሞላዋል፣ በምንስ ይለካዋል የሚለው ነው።

እኛ ሰፈር አንዲት እናት ዐረፉ። ሴት ልጃቸው ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ሰልስቱ አለፈ፤ አልተነገራትም። «ብቻዋን ናት፣ ምን ትሆናለች» ተባለ፤ እውነት ነበር። አርባው ወጣ። አሁን ደግሞ «ኮንትራቷን ትጨርስ» ተባለ። ስትደውል «እማዬ ተኝታለች»፣ «እማዬ ጠበል ሄዳለች» ይሏታል። እሷ ግን በየወሩ ለእናቷ የስኳር መድኃኒት ብር ትልካለች። ሰማንያው ሲቃረብ ጎረቤቶች ለምክር ተጠራን።

ታላቅ ወንድሟ ክፉ ሰው አይደለም። «ደህና እኮ ናት፤ ስልክ ላይ ስትስቅ ብትሰሟት!» አለን። ይቺ የጆሮ ታይሚንግ ናት። ቆማ ስትሰማ ደስ ትላለች።

ታዲያ አምፖሏን የት እንሰካት? እኔ ያገኘሁት መሰኪያ አንድ ጥያቄ ነው፦ ሌላ አንድ ወር ብናዘገየው የሚቀለው ለማን ነው? በመጀመሪያው ሳምንት መልሱ «ለእሷ» ነበር፤ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው እስኪፈለግ። በሦስተኛው ወር ግን ለእኛ ሆኗል። ጩኸቷን መስማት፣ «እስከ ዛሬ ምን ትጠብቁ ነበር?» ስትል መመለስ የሚፈራው ሌላ ማንም ሳይሆን እዚያ የተቀመጥነው ነበርን። ወንድሞቿ በሰዓቱ ቀብረው፣ በሰዓቱ አልቅሰዋል። እሷ አየር የማይደርስበት ቦታ ናት፤ ትንሽ መዘግየት ይገባታል። የሚገባት ግን ጥቂት ዲግሪ ነው እንጂ ግማሽ ዙር አይደለም።

ዘመኑንም መርሳት የለብንም። ሞተር ሲፈጥን ዲስትሪቢዩተሩ ራሱ እሳቱን እያስቀደመ ይሄዳል፤ በመደበኛው ፍጥነት ከቆየ እሳቱ ዘገየ ማለት ነው። ድሮ ቤይሩት ደብዳቤ እስኪደርስ ዘመድ ዓመት መምከር ይችል ነበር። አሁን የአክስቷ ልጅ የሟችን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጥፋ በልመና ነው ያስነሣናት። መጠበቅ ይገባል የሚሉ ሽማግሌዎች ልባቸው ንጹሕ ነው፤ ሰዓታቸው ግን የደብዳቤ ነው።

ብዙ ከተነጋገርን በኋላ ተስማማን። ቤይሩት አብረዋት ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሦስት ሴቶች ተገኙ። እሁድ እረፍቷ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ አንዷ ቤት ምሳ ትጠራለች፣ ትበላለች፣ ከዚያ ይነገራታል። ለማዳሟም ጥቂት ቀን ፈቃድ እንድትሰጣት አስቀድሞ ይነገራታል። ወንድሟ ስልኩን ይዞ ይቀመጥና ስትደውል ራሱ ያነሣል፤ ለሌላ ሰው አያሳልፍም።

ያልተስማማነው በብሩ ላይ ነው። ያለፉት ወራት የመድኃኒት ብር አልተነካም። አክስቷ ለሰማንያው ተዝካር ይዋል ትላለች፤ ልጅ ለእናቷ ያወጣችው ነው፣ ምን ነውር አለው ባይ ናት። እኔ ይመለስላት ባይ ነኝ፤ ስንት ጊዜ እንደላከችና መቼ መቼ እንደደረሰ ተጽፎ።