ቴስታታ ውስጥ የቀረ ብሎን
ንባብ፦ 2ኛ ነገሥት 6፥1-7

ወገኖች፣ ቁረይሻ አካባቢ በሰው ትራክተር የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ገብቶ የዘር ጊዜ ሲያልፍ ብሎን ቢቆረጥ ምን ያህል ያስጨንቃል! ጭንቅላቱ ከቁልፉ ጋር ይመጣል፤ ቀሪው ቴስታታው ውስጥ ይቀራል። ወዲያው ጩኸት ነው፦ ማን ሰበረው? ማን ይከፍላል?

ዮርዳኖስ ዳር እንጨት ሲቆርጥ የምሳሩ ብረት ውኃ የገባበት ሰውም የጮኸው ብረቱ የውሰት ስለነበረ ነው። ኤልሳዕ ግን ሲወቅሰው አናነብም። የወደቀበትን ቦታ ነው የጠየቀው። እኔ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ።

ደህና መካኒክም መዶሻ ለማንሳት አይቸኩልም። ዘይት ያጠጣዋል፣ ያሳድረዋል። ጫፉ ብቅ ካለ ዳዶ ይበይድበትና ቀስ ብሎ ወዲህ ወዲያ እያለ ይፈታዋል። በጉልበት ሲጠመዘዝ የብሎን ማውጫው ራሱ ውስጥ ከተሰበረ ግን ጉድ ነው፤ እሱ ከብሎኑ ስለሚጠነክር መሰርሰሪያ እንኳ በቀላሉ አይበሳውም።

በመካከላችን የሰው ዕቃ ተሰብሮበት ከቤቱ መውጣት ያፈረ አለ። ዛሬ ሂዱለት። መጀመሪያ የቱ ጋ እንደተሰበረ ያሳያችሁ፤ የክፍያውን ነገር ነገ ከባለቤቱ ጋር አብራችሁት ተቀምጣችሁ ትነጋገራላችሁ።