ምጽዋት የሸፈነው ነውር

በእንግሊዝ አገር፣ በሰሜን ባሕር ዳርቻ፣ ስካርብራ በምትባለው ከተማ መካነ መቃብር ውስጥ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. (ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) ከጥቁር ድንጋይ የተጠረበና በወርቃማ ፊደል የተጻፈበት ሰፊ ሐውልት ቆሞ ነበር፤ በላዩም የሟቹ ማዕርግና ምግባረ ሠናይ ከተዘረዘረ በኋላ፣ ነገሩ ሁሉ እስከ ቆየ ድረስ መልካም እንደ ነበረ የሚናገር አንድ አጭር ቃል ሰፍሮበት ነበር። ሐውልቱ ከቆመ ወር ሳይሞላው የሟቹ ቤተ ዘመዶች ራሳቸው በሌሊት አስነቀሉት፤ ፊደሉ ተፋቀ፣ ድንጋዩም ተሰባብሮ ከፍርስራሽ ጋር ተጣለ።

ሟቹ ጂሚ ሳቪል ነው። በ1926 በሊድስ ከተማ ከካቶሊካውያን ወላጆች ተወልዶ፣ በጦርነቱ ዘመን ከከሰል ማዕድን ጉድጓድ ወርዶ የሠራ፣ ኋላም በራዲዮና በቴሌቪዥን ዘፈን እያስተዋወቀ ስሙ የገነነ፣ ከ1975 እስከ 1994 ድረስም የልጆችን ምኞት በሚፈጽም የቢቢሲ ዝግጅት አማካይነት በየቤቱ እንደ ቅርብ ዘመድ የታወቀ ሰው ነበር። በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል አከርካሪያቸው ለተጎዳ ሕሙማን የሚሆን ሕንጻ እንዲሠራ ሕዝቡን አስተባብሮ ብዙ ሚሊዮን ፓውንድ አሰባሰበ፤ በሊድስ ሆስፒታል ያለ ደመወዝ የሕሙማን አልጋ ይገፋ ነበር፤ በ1990 ከንግሥቲቱ የ«ሰር»ነትን ማዕርግ፣ በዚያው ዓመትም ከሮማው ፓፓ የቅዱስ ጎርጎርዮስን ኒሻን ተቀበለ። በ2011 በ84 ዓመቱ በሞተ ጊዜ ወርቃማ ሣጥኑ በሊድስ በአንድ ታላቅ ሆቴል ተቀምጦ፣ ብዙ ሺህ ሰው እየተሰለፈ ተሰናበተው፤ በከተማይቱም ካቴድራል የሙታን ቅዳሴ ተቀደሰለት።

ሙት ዓመቱ ሳይደርስ፣ በኦክቶበር 2012፣ በዕድሜ የበሰሉ ሴቶች በቴሌቪዥን ቀርበው ይህ ሰው በልጅነታቸው ክብራቸውን እንደ ደፈረ መሰከሩ። በተከተለው ጃንዋሪ የለንደን ፖሊስና አንድ የሕፃናት ጥበቃ ማኅበር በአንድነት ባወጡት ዘገባ፣ 450 ያህል ሰዎች ቃላቸውን እንደ ሰጡ፣ ከ1955 እስከ 2009 በተዘረጋው ዘመንም ውስጥ 214 ወንጀሎች በ28 የፖሊስ ግዛቶች እንደ ተመዘገቡ፣ ከተጠቂዎቹም አራት እጅ ሦስቱ ያህል 18 ዓመት ያልሞላቸው እንደ ነበሩ፣ ታናሹም የ8 ዓመት ልጅ እንደ ነበረ ገለጡ። ተከሳሹ ከመቃብር ተነሥቶ ሊመልስ ስለማይችል ነገሩ በችሎት አልታየም።

ይህ በተሰማ ጊዜ ከሕዝቡ አፍ ቀድሞ የወጣው ጥያቄ፣ በእንግሊዝ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለ ነገር በተነሣበት አገር ሁሉ የሚወጣው ያው ጥያቄ ነበር፦ «እስከ ዛሬ የት ነበሩ? አርባ ዓመት ዝም ብለው ኖረው ሰውዬው አፈር ከገባ በኋላ ለምን ተናገሩ?» እኛም ዘንድ ቢሆን የሞተ ሰው ስም ሲነሣ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ሳይባል ክፉ ነገር አይነገርም፤ ይህም ልማድ በራሱ መልካም ነው፤ ሙት ራሱን ሊከላከል አይችልምና። ነገር ግን ጥያቄው የፍትሕን ልብስ ለብሶ ይምጣ እንጂ ፍርዱን አስቀድሞ ጨርሶ የመጣ ነው፤ በአደባባይ ቆማ እንድትመልስ የምትጠራው የተበደለችው ናትና። ከዚህም ሁሉ በላይ፣ ዝም ብለው ነበር የተባለው ነገር እውነት አይደለም።

በ2015 ስለ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የወጣው የምርመራ ዘገባ እንደሚያስረዳው፣ በዚያ አንድ ግቢ ብቻ 60 ሰዎች ተጠቅተዋል፤ ከእነርሱም መካከል በዚያው ዘመን፣ በዚያው ሥፍራ፣ እንባቸው ሳይደርቅ የተናገሩ ነበሩ። ዘጠኝ አቤቱታ በቃል ተነግሮ ከሰሚው ጆሮ ወደ አለቆቹ ሳያልፍ ቀረ፤ አንዲቱ ብቻ በ1977 በአባት በኩል በሥርዓት ቀርባ፣ አባትየው በጽኑ በመታመሙ የሚከታተላት አጥታ ተተወች። በልጅነቷ በሆስፒታል ተኝታ የነበረች አንዲት ሴት ደግሞ ከብዙ ዘመን በኋላ እንደ ተናገረችው፣ ሳቪል ወደ ክፍሉ ሊመጣ ሲል ነርሶቹ ልጆቹን እንቅልፍ የወሰዳቸው መስለው እንዲተኙ ይመክሯቸው ነበር። ይህን ነገር አንባቢ ሆይ፣ ቆም ብለህ እንድትመለከተው እለምንሃለሁ። ነርሲቱ ታውቃለች፤ ስለምታውቅም ታስጠነቅቃለች፤ ታስጠነቅቃለች እንጂ በሩን አትዘጋም፤ ለአለቃዋም ሄዳ «ይህ ሰው ወደ ሕፃናቱ ክፍል አይግባ» አትልም፤ በሩን ሊዘጋ የሚገባው ትልቅ ሰው ሁሉ ስለ ፈራ፣ ሸክሙ ወርዶ ወርዶ፣ ታማ በተኛችበት አልጋ ላይ ዓይኗን እንድትዘጋ በምትመከር ሕፃን ጫንቃ ላይ ዐረፈ። ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ያችን ሕፃን «ለምን ዝም አልሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሕዝብ፣ ዝም ማለትን ማን እንዳስተማራት ሊጠይቅ ይገባው ነበር።

ከመጻሕፍት የሶስና ታሪክ ለዚህ ነገር የቀረበ ነው። ሁለቱ ረበናት በሐሰት በከሰሷት ጊዜ ጉባኤው ያመናቸው ነገሩን መርምሮ አልነበረም፤ ሽማግሌዎችና ፈራጆች ስለ ሆኑ ብቻ ነበር፤ የጉባኤውም ኀጢአት ይህ ፊት አይቶ መፍረድ ነው። ዳንኤል ያደረገው ነገር ግን ከጩኸትም ከአድልዎም የራቀ ነበር፤ ሁለቱን ለያይቶ እያንዳንዱን ብቻውን ጠየቀ፤ ቃላቸውም ስለ ተለያየ ሐሰታቸው ተገለጠ። በሳቪል ነገር የሆነው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ምስክሮቹ ማንም ሳይለያያቸው በዘመንና በሥፍራ የተለያዩ፣ አንዲቱ ሌላይቱን የማታውቅ፣ ከፊሎቹ በሆስፒታል፣ ከፊሎቹ በትምህርት ቤት፣ ከፊሎቹም በቴሌቪዥኑ ሥቱዲዮ የተጎዱ ነበሩ፤ ቃላቸው ግን አንድ ነበር። ዳንኤል ቢኖር ይህን መስማማት ከምስክርነት ሁሉ የጸና ምስክርነት ባለው ነበር፤ ሊሰሙ የሚገባቸው ግን የተለያየውን ቃል አገናኝተው አልሰሙትም። በ2013 የፖሊስ ሥራ መርማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ በሰውዬው ዕድሜ ሙሉ በፖሊስ መዝገብ የሰፈረው ክስ አምስት ብቻ ነበር፤ እነዚህም አምስቱ በየመዝገባቸው ተለያይተው ተቀምጠው ስለ ነበር፣ እያንዳንዲቱ ከሳሽ ብቻዋን የቆመች መሰለች። በ2009 ሳቪልን ፖሊሶች በጠየቁት ጊዜ እንኳ የጠየቁት በዚያው በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል፣ በራሱ ቢሮ ውስጥ ነበር፤ ክስም ሳይመሠረት ቀረ።

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር፤ በዛሬው ዓለም ደግሞ ንጉሡ እየተከሰሰ ዝነኛው የማይከሰስበት ጊዜ መጣ። እንግሊዞች እንዲህ ላለው ከባድ ወንጀል የይርጋ ዘመን አልወሰኑም፤ ስለዚህ በሕግ በኩል «ዘመኑ አልፏል» የሚባል ነገር የለም። ነገር ግን በዚያው አገር የስም ማጥፋት ሕግ ለባለ ገንዘብ እጅግ ይመቻል፤ ሕያው የሆነ ዝነኛ በጠበቃ ብርታት ጋዜጣን ያስፈራራል፤ ሙት ግን «ስሜ ጠፋ» ብሎ ሊከስ አይችልም። እንግዲህ ሴቶቹ እስኪሞት ጠበቁ ተብለው ሲወቀሱ፣ ሕጉም፣ ጋዜጣውም፣ አለቆቹም ሁሉ እስኪሞት ድረስ ሲጠብቁት እንደ ኖሩ አይታሰብም። በቢቢሲ ውስጥ እንኳ በ2011 መጨረሻ የተጀመረው ምርመራ ተቋርጦ፣ በዚያው ሰሞን ለሟቹ መታሰቢያ የሚሆን የምስጋና ዝግጅት ለሕዝብ ታይቷል።

ሁለተኛው የሕዝብ ቃል «ይህን ያህል በጎ ሥራ የሠራ ሰው እንዴት ይህን ያደርጋል?» የሚለው ነበር፤ ይህ ነገር ከነገረ ሃይማኖት ወገን ስለ ሆነ ቀላል አይደለም። ከተአምረ ማርያም የበላዔ ሰብእን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማ ሰው ሁሉ፣ 78 ነፍስ ያጠፋው ስምዖን ለተጠማ ሕመምተኛ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውሃ ምሕረት እንዳገኘ ያውቃል፤ ታዲያ ጥርኝ ውሃ ይህን ያህል ከመዘነ፣ የአንድ ሆስፒታል ሕንጻ ምን ያህል ይመዝን ይሆን? እኔ ግን በሁለቱ መካከል ትልቅ ገደል አያለሁ። የስምዖን ውሃ በተጠማው ጕሮሮ ወርዶ አለቀ፤ ሰጪው ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ይበላ ዘንድ መንገድ አልጠረገለትም፤ የተሰጠውም ዋጋ ለማይከፍል፣ ምስጋናው ለማይሰማ፣ ደዌ ለጸናበት ሰው ነበር። የሳቪል ምጽዋት ግን በሩን የሚከፍት ቁልፍ ነበር፤ ይህንም የምለው በምሳሌ አይደለም፤ የአእምሮ ሕሙማንና ወንጀለኞች በሚጠበቁበት በብሮድሙር ሆስፒታል የግቢውን ቁልፍ በኪሱ ይዞ ይገባና ይወጣ ነበር፤ ይህም ሥልጣን የተሰጠው በጎ አድራጊ ስለ ተባለ ነው። ምጽዋቱ ኀጢአቱን የሚያስተሰርይለት ሳይሆን ወደ ኀጢአቱ የሚያደርሰው ሆነ፤ ስለዚህ መልካሙን በአንድ ወገን፣ ክፉውን በሌላ ወገን አድርገን በሚዛን ልናስቀምጣቸው አንችልም፤ አንድ ሥራ ናቸውና። ጌታችን ቀኝ እጅህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ያለውን ትእዛዝ የውዳሴ ከንቱ መድኃኒት ብቻ አድርጌ አነበው ነበር፤ አሁን ግን የድኾች መጠበቂያም ሆኖ ይታየኛል፤ የመጽዋቹ ስም ባልታወቀበት ቦታ በስሙ በር ሊከፈትለት አይችልምና።

ሕንጻው ግን ምን ይሁን? ብለው የሚጨነቁ ነበሩ። ይህ እምብዛም አያስጨንቅም፤ ገንዘቡ ብዙ ሺህ ሰዎች ከመቀነታቸው እየፈቱ የሰጡት እንጂ የአንድ ሰው አልነበረምና፣ በዚያ አልጋ የሚድን ሕመምተኛ ለሳቪል ምንም ዕዳ የለበትም።

በመጨረሻ ሕዝቡ ባመነ ጊዜ ቍጣው እንደ እሳት ነደደ፤ ሐውልቱ ፈረሰ፣ በስሙ የተጠራው ሁሉ ተፋቀ። በዚህ ጊዜ ወደ ልቤ የመጣችው የንጉሥ ዳዊት ልጅ ትዕማር ናት። አምኖን ባስነወራት ጊዜ ትዕማር ዝም አላለችም፤ ልብሷን ቀድዳ፣ በራሷ ላይ አመድ ነስንሳ፣ እየጮኸች ሄደች። ዝም በይ ያላት ወንድሟ አቤሴሎም ነው፤ ንጉሡም ሰምቶ ተቆጣ፣ የበኵር ልጁን አምኖንን ግን አልቀጣም። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ዝም ያሰኛት አቤሴሎም አምኖንን በግብዣ ላይ አስገደለው። ያን ቀን ትዕማርን ማንም አልጠየቃትም፤ ደም የፈሰሰው በስሟ ነው፣ እርሷ ግን በወንድሟ ቤት እንደ ተሰበረች ቀረች። አስቀድሞ ያፈነና ኋላ የሚበቀል ሕዝብ እንደ አቤሴሎም ነው፤ ቍጣው የራሱን እፍረት ሊሸፍንበት የሚለብሰው ልብስ ስለሆነ፣ ማን ላይ እንደሚያርፍም አይመርጥም። በዚያው ዓመት፣ በኖቬምበር 2012፣ ቢቢሲ ስማቸውን ሳይጠራ ስለ አንድ የፖለቲካ ሰው ያሰማውን ይህን መሰል ክስ ተከትሎ፣ ብዙ ሰዎች የሎርድ ማክአልፓይንን ስም እየጠሩ አወገዟቸው፤ ሰውዬው ግን ንጹሕ ነበሩ፤ ምስክሩም ራሱ በስሕተት ሌላ ሰው እንዳመለከተ ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ። ሐምሳ ዓመት አልሰማ ያለው ጆሮ በአንድ ወር ውስጥ ሳይመረምር የሚያምን ሆነ፤ የቢቢሲም ዋና ሥራ አስኪያጅ ሥልጣኑን ለቀቀ። ሁለቱም የአንድ በሽታ ምልክቶች ናቸው፤ በፊትም ኋላም የጎደለው የዳንኤል ጥያቄ ነው።

የዌስትሚንስተሩ ሊቀ ጳጳስ የሳቪል ኒሻን ይሰረዝ ዘንድ ወደ ሮም በጻፉ ጊዜ፣ ክብሩ ከባለቤቱ ጋር ስለሚሞት የሚሰረዝ ነገር የለም የሚል መልስ መጣላቸው። መልሱ በሥርዓት ደረጃ ትክክል ነው፤ ያዘነችን ነፍስ ግን አያጽናናም። ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ፣ እንዲህ ላለ ሰው ነፍስ መጸለይ ይገባልን? የሚለው ነው። እኔ ይገባል እላለሁ፤ ለእግዚአብሔር ምሕረት ወሰን ልናበጅለት ሥልጣን የለንምና፣ ለበላዔ ሰብእም የፈረደለት ሚዛን በእኛ እጅ አልነበረም። ነገር ግን በሊድስ ካቴድራል በብዙ ሕዝብ ፊት የተደረገው ከጸሎት ይልቅ ለሟቹ የተሰጠ የቅድስና ምስክርነት ይመስል ነበር፤ በየቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን የተመለከቱት እነዚያ ሴቶች ቤተ ክርስቲያንም ከእርሱ ጋር የቆመች መስሏቸው እንደ ሆነ ማን ይፈርድባቸዋል? የሚጸልይለት ካለ በእልፍኙ ገብቶ፣ ደጁን ዘግቶ ይጸልይ። ይቅርታው ግን የተበደሉት ሰዎች ነው፤ ካህንም ሆነ ሕዝብ በእነርሱ ፈንታ ሊሰጠው አይችልም፤ ነገሩ ቶሎ ተረስቶ ሁላችን እንድናርፍ ሲል «ይቅር በሉ» እያለ የሚያስቸኩላቸውም፣ አቤሴሎም ለእኅቱ የነገራትን ቃል በመንፈሳዊ ድምፅ እየደገመ ነው።