ማየት ለድኻ ቅንጦት ነውን?

ሰው እውነተኛነቱን ለማስረዳት ሲቸገር «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ ይምላል። ሕዝባችን ይህን መሐላ መምረጡ ዓይን ከሀብትም ከሹመትም በላይ የከበረ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ሊቁንም ሰው «ዓይናማ» ብለን መጥራታችን ማየትንና ማወቅን እንደ አንድ ነገር ስለምንቈጥራቸው ነው። እንግዲህ ይህን ያህል የከበረው ነገር ሲደክም፥ መጠገኛውም በገንዘብ የሚገኝ ሲሆን፥ ገንዘብ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ይህ ጥያቄ የሐኪሞች ብቻ አይደለም፤ የኅሊናም ጥያቄ ነው።

ነገሩን ከራሳችን በደል እንጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምንሠራበት መሥሪያ ቤት ዕድሜያቸው ከአምሳ ያለፈ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ለብዙ ዘመን በትጋት ካገለገሉ በኋላ የፋይል ቍጥር ማሳሳት፥ 3ቱን 8 እያሉ መመዝገብ ጀመሩ። አለቃችን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው አዘዙ፤ ያረቀቅነውም እኛ ነበርን። «በሥራ ላይ ባሳዩት ቸልተኝነት» የሚለውን ሐረግ ስንጽፍ ምንም አልከበደንም። ደብዳቤውን በሰጠናቸው ጊዜ ወረቀቱን ከፊታቸው አርቀው ዘረጉት፤ ጥቂት ቈይተውም «ልጄ፥ እስቲ አንተው አንብብልኝ» አሉን። ባለማየታቸው የተቀጡበትን ቅጣት እኛው አነበብንላቸው። ስለምን መነጽር እንደማያደርጉ ብንጠይቃቸው «ወሩ መስከረም ነው፤ የልጆቹ ደብተርና የደንብ ልብስ አለብኝ። እኔስ ያየሁትን አይቻለሁ፤ እነሱ ይዩ» ብለው መለሱልን።

በዚህ ነገር ሰዎች የሚሰጡት አስተያየት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው፥ መነጽር እንደ ጫማና እንደ ባርኔጣ የግል ዕቃ ስለ ሆነ ሁሉም በአቅሙ ይግዛ የሚል ነው። ይህ አባባል ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ለጠጅ ቤት የማይጠፋ ገንዘብ ለዓይን ሲሆን የሚጠፋበት ሰው አለና። ነገር ግን ከአርባ ዓመት ወዲያ የዓይን ምስሪት እየደረቀ የቅርቡን ለማንበብ ማስቸገሩ የተፈጥሮ ሕግ እንጂ የስንፍና ፍሬ አይደለም። ደግሞም ያላየ ሰው ሥራው ይበላሻል፤ ሥራው የተበላሸ ገቢው ያንሳል፤ ገቢው ያነሰም መነጽር መግዛት ያቅተዋል። ከዚህ አዙሪት በገዛ ኃይልህ ውጣ ማለት፥ ጕድጓድ ውስጥ ለወደቀ ሰው መሰላሉን ከላይ ሆኖ እንደ ማሳየት ነው።

ሁለተኛው አስተያየት፥ ለድኻው መመጽወት ይገባል የሚል ነው። ምጽዋት ቅዱስ ነገር ነው፤ ሆኖም በሰጪው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከዚህም በላይ መነጽር እንደ አሮጌ ካፖርት ለተገኘው ሰው ሁሉ አይሆንም። የሁለት ሰው ዓይን ልኩ አንድ አይደለም፤ እንዲያውም ያንዱ ሰው ቀኝና ግራ ይለያያል። የሕፃን ዓይን ደግሞ ከዕድገቱ ጋር ስለሚለወጥ በየጊዜው መመርመር ያሻዋል። ዛሬ ሰጥቶ ነገ የሚረሳ እጅ ይህን ሊያሟላ አይችልም።

ሦስተኛው፥ እኛም የምንደግፈው፥ ማየት በሚቻልበት ዘመን ሰውን ሳያይ መተው የፍትሕ ጕድለት ነው የሚለው ነው። መነጽር በኢጣሊያ አገር ከተሠራ ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አዲስ የተገኘ ብርቅ ነገር አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን የተደረገው ጥናት ከመቶው ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር፥ 3.7 ያህሉ ደግሞ ዕይታው የደከመ መሆኑን ገልጿል። ዕይታቸው ከደከመባቸውም መካከል ሲሶ ያህሉ ጕድለታቸው በመነጽር ሊቃና የሚችል ነበር።

«አገሪቱ ገና እህልና የወባ መድኃኒት ስትሻ ስለ መነጽር ማውራት ምንድን ነው?» የሚል አይጠፋም። መቃወሚያው ከባድ ነው፤ ነገር ግን መነጽርን ከእንጀራ ለይቶ ማየቱ ስሕተት ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፥ በህንድ አገር በአሳም ዕድሜያቸው ከአርባ ያላነሰ የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች መነጽር ቢሰጣቸው የሥራ ውጤታቸው መነጽር ካላገኙት በ21 ከመቶ ያህል መብለጡን አስረድቷል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የባንግላዴሽ ጥናት ደግሞ የንባብ መነጽር ያገኙት ሰዎች ገቢ ከስምንት ወር በኋላ ካላገኙት በ33 ከመቶ ያህል በልጦ መገኘቱን ገልጿል። እንግዲህ ለልብስ ሰፊው፥ ለሸማኔው፥ እህል ለምትለቅመው እናት መነጽር ጌጥ ሳይሆን ለገበሬ እንደ ማረሻ ያለ የሥራ መሣሪያ ነው።

ይህ ዕዳ የመንግሥት ብቻ ነው ብለን ግን አንለፍ። መምህሩ በየዓመቱ መጀመሪያ ተማሪዎቹን ከሰሌዳው አርቆ አንድ በአንድ ቢያስነብባቸው፥ ሰነፍ ተብሎ የሚገረፈው ልጅ ስንፍናው ከዓይኑ መሆኑን ያውቅለት ነበር። አባወራውም በዕድሜ ለደከመ ዓይን ከመንገድ የሚሸጠው ርካሽ የንባብ መነጽር ሊረዳው እንደሚችል ይወቅ፤ ዳሩ ግን ግላኮማን የመሰለ ሳያሳምም ዕይታን የሚሰርቅ በሽታ ስላለ ሐኪም ሳያየው አይቅር። ሹሙም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከመፈረሙ በፊት «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ይህን ለመጠየቅ በጀት አያስፈልግም።

የመዝገብ ቤቱ ሰው የመጨረሻ ነገር እንዲህ ሆነ። ባልደረቦቻቸው ገንዘብ ብናዋጣ «ምጽዋት አልቀበልም፤ ብድር ከሆነ እሺ» አሉ። በአራት ወር ውስጥም ከፍለው ጨረሱ። መነጽራቸውን አድርገው በመጡበት ቀን ከጠረጴዛቸው ላይ ተከምሮ የቈየውን ወረቀት ሁሉ በየቦታው ሲያስገቡ ያንን ደብዳቤ አገኙት፤ ከላይ እስከ ታች ካነበቡት በኋላም በገዛ እጃቸው በገዛ ፋይላቸው ውስጥ አኖሩት። አንድም ቃል አልተናገሩም። ጡረታ ሲወጡም ደብዳቤው ከዚያው ነበር፤ ይነሣላቸው ብለን ለመጠየቅ ያሰብነው ከወጡ በኋላ ነውና።

በዚያ ክፍል ውስጥ ዓይኑ የደከመው ማን እንደ ነበረ አንባቢ ይፍረደን። የእሳቸው ጕድለት በመነጽር ተቃንቷል፤ የእኛን ግን የሚያቃና መነጽር በገበያ አይሸጥም። የጎረቤትን ችግር ለማየት መፈለግ ብቻ ነው የሚያቃናው።