ስንት ዓመት ትኖሪበታለሽ?

የጣሪያ ቆርቆሮ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ጌጁ ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል፤ 35 ጌጅ በእጅ ሲጫኑት ይጎብጣል፣ 28 ጌጅ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል ይላሉ ሻጮች። ዋጋውም እንደዚያው ይለያያል። ይህን ያወቅኩት በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ አያቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ ትታልን የሄደችውን ቤት ላስጠግን ስነሣ ነው። ግንበኛው ግን ጌጁ ላይ ከመድረሱ በፊት ሌላ ጥያቄ ነበረው። ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ መታ መታ እያደረገ ከዞረ በኋላ «ስንት ዓመት ትኖሪበታለሽ ልጄ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «እንግዲያው እኔም ምን እንደምሠራልሽ አላውቅም» አለ፣ ቅር ሳይለው።

የሙያ ጥያቄ ነበር። ሁለት ክረምት ለሚቆይ ሰው ቀዳዳውን ደፍኖ መሄድ ይበቃል፤ ሃያ ዓመት ለሚኖር ሰው ግን የበሰበሰውን የጣሪያ እንጨት ሁሉ ነቅሎ መቀየር ያስፈልጋል። ለእኔ ግን የሙያ ጥያቄ ብቻ ሆኖ አልተሰማኝም። ከጥር ጀምሮ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ የሚመስል ጥያቄ ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጤና ፕሮጀክት የመረጃ ባለሙያ ነበርኩ፤ ከየጤና ጣቢያው የሚመጣውን ቁጥር አጣርቼ ሪፖርት አዘጋጃለሁ። ገንዘቡ የአሜሪካ ነበር። በዚያ ዓመት ጥር ላይ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም ሥራችን መጀመሪያ «ለጊዜው» ቆመ፣ ቀጥሎ ጨርሶ ቆመ። የቤት ኪራይ ግን ለጊዜውም አይቆምም። ዕቃዬን በአይሱዙ አስጭኜ 130 ኪሎ ሜትር ተጓዝኩና ሰው ከወጣበት ወዲህ ተዘግቶ የከረመው ቤት ገባሁ። ሥራ ጨርሶ ጠፍቶ እንኳ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። አንድ የግል ኮሌጅ ስታቲስቲክስ በሰዓት ክፍያ እንዳስተምር ጠየቀኝ። ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ የሆቴል ሒሳብ ክፍል ሥራ አለ፣ ፓስፖርትሽን አሳድሺ ትለኛለች። የሥራ ባልደረቦቼ ፕሮጀክቱ በሌላ ስም መመለሱ አይቀርም፣ ጠብቂ ይላሉ። የውጭ ትምህርት ማመልከቻም ልኬ መልሱን እጠብቃለሁ።

ቤቱ የድንጋይ ነው፤ በሰሜን ሸዋ ደጋ እንደተለመደው ድንጋዩ በጭቃ የተያያዘ። የአቡጀዲ ኮርኒሱ ዝናብ ጠጥቶ ከመሃል ረግቧል። የመስኮቱ እንጨት በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ወለሉ በእበት ሲለቀለቅ የኖረ ስለሆነ ለቅላቂ ሲያጣ አቧራ ሆኗል፤ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሌሊቱ ብርድ ከዚያ አቧራ ውስጥ እየወጣ እግር ላይ ይሰፍራል። እንግዲያስ ሁሉንም በሲሚንቶ እንለስነው ስለው ግንበኛው ሳቀብኝ። በጭቃ የተያያዘ ግድግዳ ውስጥ የገባ እርጥበት መውጫ ይፈልጋል፤ ሲሚንቶ ከዘጋበት ውጭው እያማረ ውስጡ ይበሰብሳል። ውሃው ከላይ የሚገባው በጣሪያው ነው፣ ከታች የሚገባው ቦይ ስለሌለ ነው። ሁለቱ ሳይስተካከሉ መሃሉን መለሰን ገንዘብ መጣል ነው አለኝ። ሰኔ ደግሞ ደርሷል።

በዚያ ሰሞን ጸሎቴ አንድ ብቻ ነበር፤ ፈቃድህን አሳየኝ። ይህን የማይጸልይ ሰው በእኛ ዘንድ የለም። ሱባኤ የሚገባ አለ፣ ሕልሙን ይዞ ከፈቺ ወደ ፈቺ የሚዞር አለ፣ የአርባ ቀን ዕድሌ ነው ብሎ የሚተኛም አለ። (ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና እየተነሣን ዕድላችን እኩል በአርባ ቀን ነው መባሉ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እኛ ሴቶች ገና ስም ሳይወጣልን ጉዳያችን አልቋል ማለት ነው።) እኔን ያስጨነቀኝ ከዚህ ትንሽ ወዲህ ያለ ጉዳይ ነው። እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ የሥራ መደብ ጽፎ አስቀምጧልን? አስቀምጦም ከሆነ፣ እስኪገለጥልን ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ እምነት ነው ወይስ ፍርሃት?

ምልክት ለመለመን ደግሞ ከደብረ ብርሃን የተሻለ ቦታ አይገኝም፤ ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው በምልክት ነውና። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሠው አፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንደ አባቶቹ በድንኳን ከቦታ ቦታ የሚዞር ንጉሥ ነበር። እዚህ ብርሃን ከሰማይ ሲታይ ግን ቤተ ክርስቲያን አሠራ፣ ቤተ መንግሥት አሠራ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመኑን አብዛኛውን እዚሁ ኖረ። ልጅ ሆነን ታሪኩን የሚነግሩን እስከዚህ ድረስ ነው። የንጉሡን ዜና መዋዕል ያነበበ ሰው ግን ብርሃኑ የታየው መቼ እንደሆነም ያገኛል፤ ለመስቀልና ለእመቤታችን አንሰግድም ብለዋል የተባሉት መነኮሳት፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ፣ በድንጋይ ከተወገሩ በኋላ ነው። ንጉሡ ብርሃኑን አይቶ ሥራዬ በሰማይ ተወደደ አለ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ወደ አማርኛ የመለሱትን የእነዚያን መነኮሳት ገድል ያነበበ ደግሞ ያንኑ ዘመን ከተወጋሪዎቹ ወገን ሆኖ ያየዋል። ብርሃኑ በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል የሚሉ የታሪክ ሰዎችም አሉ።

ኮከብ ይሁን ተአምር እኔ አልፈርድም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ብርሃኑ አንድ ቃል አልተናገረም፤ የተናገረው ያየው ሰው ነው፤ ያየው ሰው ደግሞ አስቀድሞ ወስኖ፣ አስቀድሞ አስወግሮ ነበር። እኔም ምልክት ቢሰጠኝ የማነበው በዚሁ ዓይን ነው። ዱባይ መሄድ በፈለግኩበት ቀን የአውሮፕላን ድምፅ ምልክት ይሆንልኛል፤ መቅረት ባሰኘኝ ቀን ደግሞ የሥላሴ ደወል።

ከንጉሡ ጋር ስሙን የሚጋራው፣ ሐተታ የተባለው የፍልስፍና መጽሐፍ ባለቤት ዘርዐ ያዕቆብ፣ ብርሃኑን ከሰማይ አውርዶ ሰው ልቡና ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሐተታውን የጻፈው እርሱ አይደለም፣ ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የሚለው የምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ ክርክር ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ዛሬ አላባራም፤ ክርክሩን ለሊቃውንቱ ልተውና፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰው ከአፄ ሱስንዮስ ሸሽቶ ሁለት ዓመት ዋሻ ውስጥ ይኖራል፣ በኋላ እንፍራዝ ወርዶ ለአንድ ባለጠጋ መጽሐፍ እየጻፈና ልጆቹን እያስተማረ ይተዳደራል። እግዚአብሔር ነገረኝ የሚሉ ሰዎችን አያምናቸውም፤ መርምር ነው የሚለው። እኔም ሙያዬ ነውና መረመርኩ። አራቱን አማራጮች በሠንጠረዥ አስቀምጬ ለደመወዝ፣ ለእናቴ ቅርበት፣ ለወደፊት ተስፋ፣ ለጤና ነጥብ ሰጠሁ። ዱባይ አሸነፈች። ለእናቴ ቅርበት የሰጠሁትን ክብደት ትንሽ ከፍ ሳደርገው ተሸነፈች። ሌላውን ዝቅ ሳደርገው እንደገና አሸነፈች። ልቡናም ለካ እንደ ሰማዩ ብርሃን አንባቢውን ይመስላል።

ስለ መጽሐፍ ቅዱሱ ጌዴዎንም ማሰቤ አልቀረም፤ ደብረ ብርሃን የበግና የብርድ ልብስ ከተማ ናትና የበግ ፀጉርና ጤዛ እዚህ በየማለዳው ይታያል። ጌዴዎን ፀጉሩን አውድማ ላይ ዘርግቶ ጤዛው በፀጉሩ ላይ ብቻ ይሁን፣ ምድሩ ይድረቅ አለ፤ ሆነለት። በማግሥቱ ግልባጩን ጠየቀ፤ ያም ሆነለት። በሊቃውንቱ ትርጓሜ ፀምሩ፣ ማለትም የበግ ፀጉሩ፣ የእመቤታችን ምሳሌ ነው፤ ከዚያ በላይ ልናገር አልደፍርም። ግን ታሪኩን ከመጀመሪያው ሳነበው አንድ ነገር አየሁ። ጌዴዎን ምልክቱን የለመነው ምን ላድርግ ብሎ አይደለም፤ ሂድ ተብሎ ነበር። የጎደለው ድፍረት ነው። እኔን ግን ሂጂም ቅሪም ያለኝ የለም። ያልተላከ ሰው የጌዴዎንን ፀጉር ቢዘረጋ የሚያገኘው እርጥብ ፀጉር ነው።

ይህን ሁሉ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ቅዳሴ ወጥቶ ዐጸዱ ውስጥ ቆመን ነበር። ጨርሰው ሰሙኝና «ጣሪያሽ ተከደነ?» አሉኝ። ገና ነው አባ፣ እስክወስን ብዬ ነው አልኳቸው። ነቢዩ ኤርምያስን አነሡብኝ። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከብባ፣ እርሱ ራሱ በግዞት ቤት አደባባይ ታስሮ ሳለ፣ ዓናቶት ያለውን የአጎቱን ልጅ እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዛ፤ ምስክር አቁሞ ተፈራረመና ውሉን ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠው። ማንም ነጋዴ የማይገዛው መሬት ነው፤ ጠላት ሰፍሮበታል። እኔ ግን አልረካሁም። «አባ፣ ኤርምያስ እኮ ግዛ ተብሎ ነው የገዛው። እኔን ያለኝ የለም» አልኳቸው።

«ግዛ ተባለ እንጂ ትኖርበታለህ መች ተባለ?» አሉኝ።

ቤት ገብቼ ፈለግኩ። እውነት ነው። የተስፋው ቃል በዚያች አገር ዳግመኛ ቤትና እርሻ እንደሚገዛ ነው፤ ኤርምያስ ሞፈሩን እንደሚጨብጥ አይናገርም። በኋላም ሕዝቡ ወደ ግብፅ ሲሸሽ ያለ ፈቃዱ ይዘውት ወረዱ። ያቺን እርሻ አረሳት የሚል አንድ መስመር አላገኘሁም። ስንት ዓመት ትኖርበታለህ ብሎ ግንበኛዬ ኤርምያስን ቢጠይቀው ኖሮ መልሱ ከእኔ መልስ የተለየ አይሆንም ነበር። ውሉ ግን በደንቡ ተጽፏል፣ ምስክሩም ቆሟል፣ ሸክላውም ተገኝቷል።

እዚህ ላይ ነው አሳቤ የተለወጠው። ሁለት ጥያቄዎችን እንደ አንድ ይዣቸው ኖሬያለሁ። አንዱ ሕይወቴ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። ሌላው አጠገቤ ያለው ነገር ምን ይፈልጋል የሚለው ነው። የመጀመሪያው ዝም ስለተባለ ሁለተኛውንም ዝም ብዬው ነበር። ዝናቡ ግን መንገዴ እስኪለይለት አይጠብቅም፤ ከተበሳው ጣሪያ የሚወርደው ውሃ የድንጋዩን ጭቃ ከላይ ወደ ታች እያጠበ ይሄዳል፣ የባለቤቷን የሥራ ሁኔታ ሳይጠይቅ። ቀሪውን ገንዘቤን ቆጥሬ ለመኖሪያው ክፍል 28 ጌጅ ገዛሁ። ለማድ ቤቱ ከአሮጌው ቆርቆሮ ደህና ደህናውን መረጥን። ግንበኛው ገርሞት «አላውቅም እያልሽ ወፍራሙን?» አለ። ዱባይ ብሄድ የወንድሜ ልጆች ይገቡበታል፤ እነርሱ ባይገቡ ተከራይ ይገባበታል። ጣሪያው የሚያስጠልለው ሰው ማን እንደሆነ አለማወቄ ጣሪያውን ማሳሻ ምክንያት ሊሆን አልቻለም።

ሲሠራ ዕቃ እያቀበልኩት አንድ ቀን አንተስ ግንበኝነት ጥሪዬ ነው ትላለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሹፌር መሆን ነበር የምፈልገው አለኝ፤ መንጃ ፈቃድ ማውጫ ገንዘብ ሳይኖረው ልጆች መጡ። ከዚህ መልስ አንድ ትሑት ጥበብ መቅዳት ቀላል ነበር፤ አልቀዳሁም። ድሃ ሰው ጥሪዬ ምንድን ነው ብሎ የማይጠይቀው ከእኛ ይልቅ ጥበበኛ ስለሆነ አይደለም፤ ፋታ ስለሌለው ነው። ጥያቄው የሚያም ጥያቄ ነው፣ እርሱንም አሞታል።

አሁን ክረምቱ መሃል ላይ ነን። ቤቱ አያፈስም። ኮሌጁ የመስከረም ውል ልኳል፣ ፓስፖርቴም ታድሷል፣ ሁለቱም አንድ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። አክስቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ጣሪያውን ቀና ብላ አየችና «ይህን ሁሉ ቆርቆሮ አስመትተሽ አልወሰንኩም ትያለሽ?» አለችኝ። ከሰማሁት ተቃውሞ ሁሉ ይህ ይከብዳል። ለቆርቆሮው የወጣው ገንዘብ ለአውሮፕላን ትኬት የሚወጣው ገንዘብ ነበር፤ አጠገቤ ያለውን ብቻ ሠራሁ ስል አንዱን በር በግማሽ ገፍቼ ዘግቼዋለሁ። አዲስ አበባ ኪራይ እየከፈልኩ ብጠብቅም ያው ገንዘብ ያልቅ ነበር፤ ምንም ሳይወስኑ የሚቆዩበት ነፃ ቦታ የለም። ስለዚህ ልክ ነሽ እትዬ አልኳት። አንድ ነገር ብቻ አልተቀበልኳትም። «እንግዲያው የእግዚአብሔር ፈቃድ እዚህ ነው በያ» ስትለኝ፣ እንደሱ አልልም አልኳት። በዚህች ከተማ አንድ ንጉሥ ያደረገውን ካደረገ በኋላ እንደዚያ ብሏል። ቆርቆሮውን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ከተሳሳትኩም የምጠየቀው እኔ ነኝ። አክስቴ አማተበችና ስለ ንጉሡ ሌላ ጊዜ ትነግሪኛለሽ፣ መጀመሪያ ቡናውን አፍይ አለችኝ።