እስኪነጋ ድረስ ሰው የት ይደር?

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ እኔም ለብዙ ሰው ብየዋለሁ። ለተበደለ ማጽናኛ፣ ለቸኮለ ማብረጃ ነው። ዛሬ ግን ከዚሁ አባባል ጋር አንድ ክርክር አለኝ። እውነት እያደር ይጠራ፤ እሺ። ነገር ግን እስኪነጋ ድረስ የተጠረጠረው ሰው የት ይደር? ማንስ ያሳድረው? ሌሊቱን በብርድ ላሳለፈ ሰው ጠዋት ላይ «ይኸው ነጋልህ» ማለት ብቻውን ፍትሕ ይሆናልን?

ጥያቄው እንዲያው ለፍልስፍና ያህል የመጣብኝ አይደለም። የዕድሜዬን እኩሌታ ያሳለፍሁት በሆስፒታል ፋርማሲ ውስጥ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሆስፒታል፣ የዲስፕሊን ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ አንዲት ነርስ መርምሬ ነበር። የማወራችሁ እርሷ ስላጠፋችው ጥፋት አይደለም፤ እኔ ስላጠፋሁት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድ ዋርድ የመድኃኒት ቁም ሣጥን ውስጥ አራት አምፑል ፔቲዲን ጎደለ። ፔቲዲን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ሱስም ያስይዛል። ስለዚህ በቁልፍ ይቀመጣል፣ በመዝገብ ይወጣል፣ በፊርማ ይሰጣል። የዚያን ሳምንት ቁልፉ በእጇ የነበረው ሲስተር ሁለት ልጆች የምታሳድግ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ያገለገለች ሴት ነበረች። መዝገቡ ጎድሏል፤ ቁልፉ በእርሷ እጅ ነው። ሁለትና ሁለት አራት ነው አልን።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስትገባ የበር ጥበቃው መታወቂያዋን ተቀብሎ መለሳት። ወረፋ የሚጠብቁ በሽተኞችና አስታማሚዎች ቆመው ያያሉ። እገዳው በደብዳቤ የደረሳት ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ደብዳቤውም «በተጠረጠሩበት ጉዳይ» ከማለት በቀር ጉዳዩ ምን እንደ ሆነ አይናገርም። ደመወዟም ተያዘ። ወሬው ግን ደብዳቤ አልጠበቀም። በሦስተኛው ቀን የሻይ ቤቷ ልጅ ሳትቀር «መርፌ የምትወጋዋ ነርስ ተያዘች አሉ» ትል ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኸው ነው።

ለምርመራ ስንጠራት እኛ ሰባት ሆነን በረጅሙ ጠረጴዛ ወዲህ ተደርድረናል፤ እርሷ ወዲያ ማዶ በአንዲት ወንበር ላይ ናት። የመጀመሪያው ጥያቄ የእኔ ነበር። «መድኃኒቱን ለምን ወሰድሽው?» አልኋት። ልብ በሉ፤ «ወስደሻል ወይ?» አላልሁም። ፍርዱን ጥያቄ አልብሼ ነው ያቀረብሁት። ሌላም ነገር ነበረ፤ በጊዜው አላስተዋልሁትም። እስከዚያች ቀን ድረስ ሁላችንም «ሲስተር፣ እርስዎ» እያልን የምንጠራት ሴት በዚያች ክፍል ውስጥ «አንቺ» ሆነች። ማንም አላዘዘንም፣ ማንም አልተስማማበትም። ጥርጣሬ ገና በሩን ከፍቶ ሲገባ አክብሮት በመስኮት ወጥቶ ሄደ።

እርሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀች። «የዚያን ሌሊት የገቡትን የቁስለኞች ቻርት አይታችኋል?» አለች። «ጠያቂዎቹ እኛ ነን» አልናት። ከመካከላችንም በዚህ መልስ የተኩራራ ነበረ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ የወር መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ፣ አንድ ወጣት የመድኃኒት መዝገብ ያዥ ማንም ሳያዘው የበሽተኞቹን ቻርት ከመዝገቡ ጋር አስተያየ። የመኪና አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች በአንድ ሌሊት ተከታትለው ገብተው ነበር። አራቱም አምፑሎች ለእነርሱ ተሰጥተዋል፤ በየቻርታቸው ላይ ከሰዓቱ ጋር ተጽፏል። የአዳር ተረኛው በጥድፊያ መዝገቡ ላይ ሳይፈርም ቀርቶ፣ በነጋታው የዓመት ፈቃድ ወጥቷል። መልሱ ከእኛ ጠረጴዛ ሠላሳ እርምጃ በማይርቅ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

«ከተጠረጠሩበት ጉዳይ ነጻ ሆነው ስለ ተገኙ ወደ ሥራ ገበታዎ እንዲመለሱ» የሚል የሁለት መስመር ደብዳቤ ተጻፈላት። ደመወዟ ተከፈላት። ሌላው ግን የሚከፈል አልነበረም። እኔም በዚያን ጊዜ ሕሊናዬ አልወቀሰኝም። እውነቱ ተገኝቷል፤ ንጹሕ ሰው አልተቀጣም፤ ታዲያ ምን ጎደለ? እል ነበር።

የጎደለውን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ምርመራ ማለት እውነትን ፍለጋ ብቻ ይመስለን ነበር። ግን ምርመራ በራሱ በሰው ላይ የሚደረግ ድርጊት ነው። ሐኪም በሽታ ሲፈልግ የበሽተኛውን ሥጋ በጥንቃቄ ይነካል እንጂ በሽታውን ላግኝ ብሎ ሰውየውን አይሰብረውም። የሰው ስምም እንደ ሥጋው ይቆስላል። ውጤቱ ትክክል ሆኖ አካሄዱ ግን በደል ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ የነገረን አልነበረም።

ምናልባት «ይህ የእኛ የድህነትና የዝርክርክ መዝገብ ጣጣ ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንደዚያ ቢሆን ደስ ባለኝ። በሆላንድ አገር፣ በዘ ሄግ ከተማ፣ ሉሲያ ደ በርክ የምትባል የሕፃናት ሆስፒታል ነርስ ነበረች። በ2001 (እ.ኤ.አ.) አንዲት ጨቅላ በሞተች ጊዜ ጥርጣሬ ወደቀባት። ከዚያ በኋላ «እርሷ ተረኛ ሳለች የሞተ ወይም የታመመበት ማን ነው?» እየተባለ ያለፈው ሁሉ ወደ ኋላ ተመረመረ። ቀድሞ የተፈጥሮ ሞት የተባለው፣ እርሷ በቦታው ስለ ነበረች ብቻ፣ አጠራጣሪ ሆነ። እርሷም በፈንታዋ አጠራጣሪ በተባሉት ሞቶች ሁሉ ላይ ስለ ተገኘች ወንጀለኛ ሆነች። ክቡ እንዲህ ተዘጋ። ይህ በአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ ከ342 ሚሊዮን አንድ ነው የሚል ስሌትም ቀረበ። በ2003 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት። ከዓመታት በኋላ ስሌቱም ሆነ የሕክምና ማስረጃው እንደማያስኬድ ሲታወቅ ጉዳዩ እንደገና ተከፍቶ በ2010 በነጻ ተለቀቀች። ከስድስት ዓመት በላይ ታስራለች፤ በእስር ላይ ሳለችም አንጎሏ ውስጥ ደም ተቋርጦ አካሏ ተጎድቷል። ኮምፒዩተርም፣ ፕሮፌሰርም፣ የተሟላ መዝገብም ያለው አገር ነው። ያልነበረው ነገር አንድ ነው፤ «ምን ሆነ?» የሚለውን ከ«ማን አደረገው?» አስቀድሞ መጠየቅ።

ይህ ነገር የጥንቱን ሌባ ሻይ ያስታውሰኛል። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት እንዲጠጣ ይደረግና እየተንገዳገደ በመንደሩ ውስጥ ይለቀቃል። ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። ዛሬ በዚህ እንስቃለን። ነገር ግን የእኛ ኮሚቴ ከዚያ ልጅ በምን ይሻላል? እርሱ መድኃኒት ጠጥቶ ነበር፤ እኛ ወሬ ጠጥተናል። እርሱ የወደቀው በአንድ ደጃፍ ነው፤ እኛም ቁልፍ ባየንበት እጅ ላይ ወደቅን።

ደግነቱ ከዚያው ከአባቶቻችን ዘንድ ሌላም ትምህርት አለ። በቀድሞው የሙግት ሥርዓታችን «ተጠየቅ ልጠየቅ» የሚባል ነበር። ስሙን ልብ ብላችሁ ስሙት። «ተጠየቅ» ብቻ አይደለም፤ «ልጠየቅ» የሚልም አለበት። ሙግት ባለሁለት አፍ ነው። እኛ ያቺን ሴት «ጠያቂዎቹ እኛ ነን» ስንላት ከሁለቱ ቃላት አንዱን ቆርጠን ጣልን። «ቻርቱን አይታችኋል?» ያለችው ጥያቄ ድፍረት አልነበረም፤ በነጻ የቀረበልን እውነት ነበር። የሚመረምር መሥሪያ ቤት ራሱም ለመጠየቅ የተዘጋጀ መሆን አለበት። የመዝገቡ ሥርዓት ምን ይመስላል? አዳሩ ላይ ስንት ሰው ነበረ? ቁስለኛ እየጮኸ መዝገብ የሚፈርመው ማን ነው? ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው፤ ሥሩ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከመርማሪው ወንበር በታች ይገኛል።

አሁን አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይመጣል፤ ልሸሸው አልፈልግም። «የሆስፒታል ጥፋት እንደ ጽሕፈት ቤት ጥፋት አይደለም። በእርግጥ የሕመም ማስታገሻ የሚሰርቅ፣ ለበሽተኛው ውሃ የሚወጋ ሰው ቢሆንስ? አክብሮት እያልን በሽተኛ እናሠቃይ?» ይላል። እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ሁሉ ደርሷል። አልጋ ላይ የተኛው ሰው አፍ የለውም፤ ስለ እርሱ መፍጠን ግዴታ ነው። እኔም ምርመራ ይለዝብ አልልም። የምለው ጥንቃቄንና ቅጣትን እንለይ ነው። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ በዚያው ቀን ከሁሉም ተረኞች ተቀብሎ ለሁለት ሰው በጋራ ማስያዝ ጥንቃቄ ነው። አንዲትን ሴት በበሽተኞች ፊት ከበር መመለስ ግን ቅጣት ነው፤ ያውም ከፍርድ በፊት የተፈጸመ። የመጀመሪያው በሽተኛውን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው የእኛን ትጉህነት ለማሳየት ነው።

እንዲያውም በሽተኛውን የሚጎዳው የእኛ ዓይነቱ ምርመራ ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ ሆስፒታል የሆነውን አይቻለሁና። አምፑል የተሰበረባት ነርስ ስብርባሪውን ደብቃ ጣለች። መጠን የተሳሳተ ወጣት ሐኪም ለማንም ሳይናገር ሌሊቱን ሲጸልይ አደረ። መዝገቡ ከዚያ ወዲህ ጎድሎ አያውቅም፤ ይህን ያህል እንከን የለሽ የሆነው ግን ስለ ጸዳ አይመስለኝም። ስሕተትን የሚናገር ሰው እንደ ሌባ በሚታይበት ቤት ውስጥ ስሕተት ይደበቃል እንጂ አይቀንስም።

ሚዛኑ በሌላው ወገንም ይዛባል። በዚያው ሆስፒታል አንዲት ተማሪ ነርስ ስለ አንድ አንጋፋ ሐኪም ነውረኛ ጠባይ አቤቱታ ብታቀርብ፣ ጉዳዩ በቡና ላይ አለቀ። «የትልቅ ሰው ስም አይጥፋ» ተባለ። እንግዲህ ለትልቁ ሽማግሌ፣ ለትንሹ ኮሚቴ ማለት ነው። ለሐኪሙ የተደረገው ጥንቃቄ መጥፎ አልነበረም፤ መጥፎው ጥንቃቄው ለእርሱ ብቻ መሆኑና ልጅቱ ሳትሰማ መቅረቷ ነው። አክብሮት ለከሳሽም ለተከሳሽም እኩል ካልተሰፈረ አድልዎ ይባላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ነገሩ ረቂቅ አይደለም። የተጠረጠረ ሰው ምን እንደ ተባለ በጽሑፍ ይነገረው፤ ለመልስ ጊዜ ይሰጠው፤ የሚያምነው ሰው አብሮት ይቀመጥ። አለቃውም፣ ተቀናቃኙም፣ ዘመዱም መርማሪ አይሁኑ፤ የመረመረውም አይፍረድ። ወረቀቱ ሁሉ ሰው ከመጠራቱ በፊት ይነበብ። እገዳ የመጨረሻው እርምጃ ይሁን፤ ሌላ የሥራ ቦታ ካለ እዚያ ይዛወር፤ ቢታገድም እስከ መቼ እንደሆነ ይወቅ፤ በየሳምንቱም «ደኅና ነዎት?» የሚል ስልክ ይደወልለት። ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝም ይህ ሁሉ አይባክንም፤ በክብር የተጠየቀ ሰው ጥፋቱን ማመን ይቀለዋልና። ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ክሱ በተሰማበት ድምፅ ልክ ነጻነቱም ይሰማ። በሩ ላይ የተመለሰ ሰው በዚያው በር፣ በዚያው ሰዓት፣ ሰው እያየ በኃላፊው እጅ ተይዞ ይግባ።

እኔ ለዚያች ሲስተር ይህን አላደረግሁላትም። ጡረታ ልትወጣ ስትል ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «ጋሼ፣ ደብዳቤው አልነበረም የከፋኝ። ደመወዙም አይደለም። ‘አንቺ’ ያላችሁኝ ነው። የገዛ ባልደረቦቼ ናችሁ፤ በአንድ ሌሊት ሰው አልመሰልኋችሁም» አለችኝ። ይቅርታውን ግን ሰጠችኝ። «ብቻ ያን በር ከዚያ ወዲህ ቀና ብዬ አልገባሁበትም» አለች።

አንባቢዬ፣ ነገ በአንድ ጠረጴዛ ወዲህ ትቀመጥ ይሆናል፤ ወይም ወዲያ ማዶ። የትኛው እንደሚደርስህ አታውቅም። እውነት ያለ ጥርጥር ይነጋል። ግን ሌሊቱን የሚያነጋው እውነት ብቻ አይደለም፤ እስኪነጋ ድረስ ሰውን ደጅ ያላሳደረ ሰውም ያስፈልጋል።