ለማየት የመጣ፣ ለመሳለም የመጣ

ከደሴ ወጥቶ በቦሩ ሜዳ በኩል ወደ ተንታና መቅደላ የሚያቀና የውጭ አገር ጎብኚ ኩታበርን የሚያያት በመኪና መስኮት ነው። የያዘው የጉዞ መጽሐፍ ስለ ከተማዋ የሚነግረው እምብዛም ስለሆነ ከእርሷ የሚጠብቀው የለም፤ አገሩ ሲመለስም የሚያማርርባት አይኖረውም። ቦሩ ሜዳንም ቢሆን፣ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ሊቃውንቱን ሰብስበው የሁለት ልደትና የሦስት ልደትን ክርክር ያስቆረጡበት ቦታ መሆኑን የሚነግረው ካላገኘ፣ እንደ ማንኛውም የግጦሽ መስክ አይቶት ያልፋል። ያልተጠበቀ ቦታ ማንንም አያሳዝንም።

ከኩታበር ድንበር ማዶ፣ በአጎራባቹ አምባሰል ግን፣ አገሬው ምንም ሳይጠየቅ ከባሕር ማዶ ብዙ ነገር የተጠበቀበት አምባ አለ፤ ግሸን ነው። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ሚልተን በ1667 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታላቅ የገነት መጥፋት ድርሰቱ፣ የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበትን ተራራ «አማራ» ብሎ ጠርቶ፣ ሰዎች ገነት ነው ከሚሏቸው ቦታዎች ጋር ቆጥሮታል። በ1759 ደግሞ እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን የሐበሻውን ልዑል የራሴላስን ታሪክ ጻፈ፤ ልዑሉ ምንም በማይጎድልበት ሸለቆ ተዘግቶ ይኖርና ሰልችቶት ይወጣል። መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶታል። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም፤ የሚያውቃት የፖርቱጋላዊውን ኢየሱሳዊ የጀሮኒሞ ሎቦን ጽሑፍ በመተርጎሙ ነበር። ከ1769 እስከ 1771 ኢትዮጵያ የከረመው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ አገሩ ተመልሶ ያየውን ሲያወራ ግን፣ ይህ ሰው እዚያ መድረሱን ከተጠራጠሩት አንዱ ይኸው ጆንሰን ሆነ። ያልሄደው የሄደውን ውሸታም አለው። የጠበቁት ሥዕል አንዴ ልብ ውስጥ ከተሰቀለ፣ አገሩ ራሱ ምስክር ሆኖ ቢቆም እንኳ አይታመንም።

በታሪክ የምናውቀው አምባ የገነት ሸለቆ አልነበረም። የነገሥታት ልጆች በዙፋን እንዳይሻኮቱ ተግዘው የኖሩበት፣ እስከ አሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት የኢማም አሕመድ ዘመቻ ድረስ በዘብ የተጠበቀ እስር ቤት ነበር። የወሎ ገበሬ ግን መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚወጣው ገነት ፍለጋም፣ የልዑላን እስር ቤት ሊያይም አይደለም። ትውፊቱ እንደሚለው ከግብጽ በአፄ ዳዊት ዘመን የተላከው ግማደ መስቀል በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በዚህ መስቀለኛ አምባ አርፏል። ያለበትን የሚያይ የለም፤ አሳዩኝ ብሎ የሚጠይቅም የለም። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ በር ወደ አምባው የሚገባው፣ እንደማያየው እያወቀ ወደሚያምነው ነገር ነው።

ጎብኚውን ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። ጎብኚ ማለት አይቶ ለመመለስ የከፈለ ሰው ነው፤ ካላየ ተታልሏል። ዳገቱ፣ የሌሊቱ ብርድ፣ ግፊያው፣ የመጸዳጃ ቤቱ ነገር በእርሱ ሒሳብ ሁሉም ወጪ ናቸው፤ በመጨረሻ የሚያየው ነገር ካልካሳቸው በጉዞው ከስሯል። ስንቁን በሶና ቆሎ አድርጎ፣ ስለቱን ይዞ፣ አሮጊት እናቱን ደግፎ የወጣው ምዕመን ዘንድ ድካሙ ራሱ ከጸሎቱ ይቆጠርለታል። በአስፋልትና በሊፍት ቢወጣ አንድ ነገር የጎደለበት ይመስለዋል።

ይህን ሲሉ ምዕመኑን ከሰማይ የወረደ ማድረግ ደግሞ አያስፈልግም። ምዕመኑም ያማርራል፤ በንግሥ ሰሞን ከታሪፍ በላይ ያስከፈለውን ሹፌር ይረግማል፣ ውሃ በመጥፋቱ ይነጫነጫል፣ ቦርሳውን በተበረበረ ጊዜ እሪ ይላል። ልዩነቱ ምሬቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ምሬቱ ሹፌሩን፣ ኮሚቴውን፣ ሌባውን ይነካል እንጂ ግሸንን አይነካትም። የጎብኚው ምሬት ግን ከራሷ ከቦታዋ ላይ ይቀነሳል፤ «ደህና ነበረች፣ ግን...» ይላል። ለአንዱ ቦታው የተገባለት አገልግሎት ነው፣ ለሌላው የተገባለት ቃል ኪዳን ነው፤ አገልግሎት በጎደለ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል፣ ቃል ኪዳን ግን በአውቶቡስ መዘግየት አይፈርስም።

ይህ ልዩነት ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ከዚያው ከወሎ ሳንወጣ ላሊበላ ላይ ነው። አሥራ አንዱ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ገና መዝገቡ በተከፈተበት ዓመት ማለት ነው። ከአውሮፓውያን ቀድሞ ስለ እነርሱ በሰፊው የጻፈው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 ኢትዮጵያ ቆይቷል፤ የሚጨነቀው አንባቢዎቹ አያምኑኝም ብሎ ነበር፣ እናም ስለ እውነቱ በእግዚአብሔር ስም እስከ መማል ደርሷል። ቀድሞ የታየ ሥዕል ስላልነበረ ያየው ሁሉ ከጠበቀው በላይ ሆነበት። የዛሬው እንግዳ ቤተ ጊዮርጊስን ከቤቱ ሳይወጣ ከመቶ ፎቶ ላይ አይቷታል፤ ላሊበላ የሚደርሰው ፎቶውን ከድንጋዩ ጋር ለማመሳከር ነው።

ሳይመሳሰል ሲቀር ቅሬታው ይዘረገፋል። የውጭ ጎብኚ መግቢያ በ2013 እ.ኤ.አ. 50 ዶላር ሆነ። ምንጣፉ ቁንጫ አለው፤ የጉዞ መጻሕፍትም ይህን ሳይደብቁ ያስጠነቅቃሉ። ጫማ አውልቁ፣ ጫማ ጠባቂ ክፈሉ፣ ልጆች ይከተላሉ፣ ቅዳሴ ላይ መግባት አይቻልም፣ ከመጋረጃው ወዲያ አይታለፍም። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል የሚነሳው ጨለማ ዋሻ ያለ መብራት ይታለፋል። ይህን መንገድ አገሬው የሲኦል ምሳሌ ይለዋል፤ ጭንቅላቱን ከጣሪያው ያጋጨ ፈረንጅ ደግሞ የደህንነት ጉድለት ይለዋል። እውነት ለመናገር ሁለቱም ያሉት ልክ ነው።

ከእነዚህ ቅሬታዎች ግማሹ ተገቢ ነው። ቁንጫ የቅድስና ምልክት ሆኖ አያውቅም፤ ካህኑንም ይበላዋል። ቱሪስት እያሳደደ «ደብተር ግዛልኝ» የሚል ሕፃንም የከተማዋ ባህል ሳይሆን የከተማዋ ችግር ነው፤ ከአገሬው ወላጆች የሚበዙት በዚህ ያፍራሉ። ፎቶ ይነሳ ብሎ መስቀሉን ይዞ፣ ከካሜራው ብልጭታ ዓይኑን ሊያድን ጥቁር መነጽር ያደረገ ካህን ምስል በዓለም ዞሯል። በዚያ ምስል ላይ እንግዳው ፈገግ ብሎ ያልፋል፤ ያንን መስቀል ታመው የታሹበት ሰዎች ግን ምን ያህል ይከፋቸው ይሆን? በ1997 እ.ኤ.አ. ከቤተ መድኃኔ ዓለም «አፍሮ አይገባ» የተባለው የወርቅ መስቀል በተሰረቀ ጊዜ፣ የተገኘው አንድ ቤልጂጋዊ ሰብሳቢ እጅ ሆኖ በ2001 ተመለሰ። ለሰብሳቢው ዕቃ ነበር፤ ላሊበላ ላይ ግን በሽተኛ የሚዳሰስበት ነበር።

ሁለቱን ወገን በአንድ ነገር ያስማማ የመሰለው የቤተ ክርስቲያኖቹ ጣሪያ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠሩትና በ2008 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቁት አራት ግዙፍ መጠለያዎች ለጊዜው ተብለው የቆሙ ናቸው፤ ዝናብና ፀሐይ ድንጋዩን እንዳይበሉት። ጎብኚው ይጠላቸዋል፣ አገሬውም ይጠላቸዋል። የእንግዳው ጥላቻ ፎቶ ከማበላሸታቸው የመጣ ነው፤ መጠለያ ያልደረሰባት ቤተ ጊዮርጊስ የፖስታ ካርዱ ሁሉ ንግሥት የሆነችውም በዚህ ጭምር ነው። ነዋሪዎቹ ግን በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ አደባባይ የወጡት «ይህ ብረት ወድቆ መቅደሳችንን ሳያደቅ ይነሳልን» ብለው ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ላሊበላ ድረስ መጥተው ለጥገናው እርዳታ ቃል ገቡ። አንድ ቅሬታ የሚመስለው ሲከፈት ሁለት ሆነ፤ አንዱ መልክ ተበላሸብኝ ይላል፣ አንዱ የምጸልይበት ይፈርስብኛል ይላል።

የኩራኩር ነገርም አለ። አብያተ ክርስቲያናቱን የሚከብበው ቀጠና እንዲጠበቅ ተብሎ፣ ጥግ ለጥግ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ከከተማው ወጣ ወዳለው ኩራኩር እንዲዛወሩ ተደርጓል፤ ክብ ክብ የላስታ የድንጋይ ቤቶቻቸው ደግሞ ቅርስ ሆነው ባዶ ቀሩ። እንግዳው አካባቢው ጸዳ፣ ለዕይታ ተመቸ ይላል። ለሌሊት ኪዳን ከበራፏ ወጥታ ትደርስ ለነበረች አሮጊት ግን ቤተ ክርስቲያኑ ራቀ። ቦታውን ለመጠበቅ የተሠራው ሥራ ቦታው የቆመለትን ሰው አርቆታል። ይህን ጉዳይ ማንም ጎብኚ በቅሬታ መዝገብ ላይ አይጽፈውም፤ ምክንያቱም አልታየውም።

አሁን ከበድ ወዳለው ጥያቄ መድረስ ይቻላል። አምላክ አንዱ ቦታ ላይ ከሌላው ይበልጥ አለን? ከሌለ ያ ሁሉ ዳገት ለምን? ጥያቄውን ቀደም ብሎ በድፍረት ያነሳው የቂሳርያው ባስልዮስ ወንድም፣ በእኛም ቤተ ክርስቲያን የሚከበረው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት ኢየሩሳሌም ደርሶ ሲመለስ በጻፈው ደብዳቤ ላይ የከተማይቱን ክፋት፣ የመንገዱን ማደሪያ ነውር ዘርዝሯል፤ ዛሬ ቢጻፍ የተከፋ ቱሪስት ይባል ነበር። ከዚያ አልፎ ግን ቤተ ልሔምን ከማየታችን በፊት ልደቱን አምነናል፣ ማየታችን እምነታችንን አልጨመረም አልቀነሰም፣ ቦታ በመለወጥ እግዚአብሔር አይቀርብም ሲል ደመደመ። ቅዱሱ ጎብኚ ሆኖ ሄዶ፣ ጎብኚነት በቂ አለመሆኑን አውቆ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ያገራችን ሊቃውንት ይህን አይክዱም፤ እግዚአብሔር ምሉዕ በኩለሄ ነው ይላሉ፣ ሰሎሞንም የሰማያት ሰማይ አይችልህም ብሏል ይላሉ። ታዲያ ግሸን ለምን ይወጣል? ከሁሉ የሚያረካው መልስ የሚገኘው የሄደው ሰው ላይ ነው። እግዚአብሔር ኩታበርም አለ። ሰውየው ግን ኩታበር ላይ ሲሆን ከበሬው፣ ከማዳበሪያ ዕዳው፣ ከጎረቤቱ የወሰን ጠብ ጋር ነው ያለው። ሦስት ቀን በእግሩ ሲወጣ እነዚህ ሁሉ አንድ በአንድ ከትከሻው ይወርዳሉ፤ ጎርጎርዮስ አይቀርብም ያለው አምላክ ባይቀርብ እንኳ፣ ሰውየው ይቀርባል።

ጥያቄው የክርስቲያኑ ብቻ አይደለም። ወሎ ውስጥ መውሊድ ሲደርስ ሕዝበ ሙስሊሙ ወደ ጀማ ንጉሥና ወደ ዳና ለዚያራ ይተማል፤ መንዙማው፣ ዱዓው፣ ጫቱና ቡናው ሌሊቱን ያነጋዋል። በሙስሊሙ ሊቃውንት መካከልም ወደ ሸሆች መካን መጓዝ ይገባል አይገባም የሚለው ክርክር ቆይቷል፣ አሁንም አልበረደም። ካሜራ ይዞ ለመንዙማው የመጣ እንግዳ ግን ከዚህ ክርክር ውጭ ነው፤ ከዚያራው ደጋፊም ከነቃፊውም ጋር አይቆምም። ነቃፊው እንኳ ቦታውን እንደ ትርኢት አያየውም፤ ከምር ስለያዘው ነው የሚነቅፈው።

ማየትና መሳለም መለያየታቸው ወደ መቅደላ ሲደረስ ይብሳል። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘርፎ ሲመለስ ከጫነው መካከል ታቦታት ነበሩ። የብሪቲሽ ሙዚየም አሥራ አንድ ታቦት ይዟል፤ ለሕዝብ አያሳያቸውም፣ የሙዚየሙ ባለሙያዎች ራሳቸው አያዩአቸውም። ለማሳየት የተቋቋመ ቤት የማያሳየውን ነገር ዘግቶ ማስቀመጡ እንግዳ ነገር ነው፤ የኢትዮጵያን ሥርዓት አክብሬ ነው ይላል፣ ሥርዓቱ ግን ታቦት በመንበሩ ላይ ይሁን ነው የሚለው። ኤድንብራ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተገኘው ታቦት በ2002 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ሕዝቡ በእልልታ የተቀበለው ተሸፍኖ ነው። ማንም አላየውም፤ ማንም አልጎደለበትም።

በጎብኚና በአገሬው መካከል ያለው ግንኙነት ጠብ ብቻ ነው ማለት ግን ሐሰት ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላን ሲያገኛት፣ ከዚያም በኋላ ጸጥታው ሲደፈርስ፣ ፈረንጁ ጠፋ። አስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛው፣ በቅሎ አከራዩ ሥራ ፈቱ። በ2014 ዓ.ም. የልደት በዓል ምዕመኑ ተመልሶ በቤተ ማርያም ቅጥር ላይ ቤዛ ኩሉ ተዘመረ፤ ዶላሩ ግን አብሮ አልተመለሰም። ያኔ ነው ከተማዋ ትናንት ያማረረባት እንግዳ እንጀራዋ እንደነበር ያስታወሰችው።

ስለዚህ የሚታረመው ይታረም። ከእንግዳው ቅሬታ ተገቢ የሆነው፣ የውሃው፣ የመጸዳጃ ቤቱ፣ የንጽሕናው፣ ያለ ታሪፍ የሚጠየቀው ገንዘብ፣ ምዕመኑም ለዘመናት በዝምታ የተሸከመው ነው። ጣሪያው እስኪጠገን ዓመታትና የውጭ ገንዘብ ይጠበቃል። በግሸን መውጫና በላሊበላ ደጅ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ቤት ለማቆም ግን የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት መምጣት አያስፈልግም፤ የወረዳዎቹና የደብሮቹ አስተዳደሮች ከሚቀጥለው ንግሥ በፊት ሊጀምሩት ይችላሉ፣ ይጀምሩትም።