መጋዘን የጸሎት ቤት በሆነ ጊዜ

ቤት ሁሉ የተሠራበትን ምክንያት ይናገራል። በእንግሊዝ አገር በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የታነጹት መጋዘኖች የሚናገሩት ስለ ሸቀጥ ክብር ነው። በሊቨርፑል ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1846 ዓ. ም. የተመረቀው የአልበርት ወደብ መጋዘን፥ ዕቃውን እሳት እንዳይበላው፥ አግዳሚ እንጨት ሳይገባበት በጡብ፥ በድንጋይና በብረት ዐምድ ቆመ። ለሸቀጡ ይህን ያህል ታሰበ፤ በትከሻው ተሸክሞ የሚያስገባው የቀን ሠራተኛ ግን ሸክሙን አራግፎ ይወጣል እንጂ በውስጡ ስፍራ አልነበረውም።

እንዲህ ያለው ቤት የጸሎት ቤት ሲሆን ጡቡም ዐምዱም አይለወጥም፤ የሚለወጠው በውስጡ የሚከበረው ነው። በዚያው አቈጣጠር በ1865 ዓ. ም. በምሥራቅ ለንደን ድኾችን ማስተማር የጀመረው ዊልያም ቡዝ፥ ሥርዓቱ ከእኛ ሥርዓት ቢለይም፥ በመጀመሪያው ጊዜ በአንድ አሮጌ የሱፍ መጋዘን ይሰብክ ነበር። የሰፈር ልጆች በመስኮቱ ድንጋይና ርችት ይወረውሩ ነበር፤ እርሱ ግን ማስተማሩን አልተወም። ሱፍ ይቈለልበት በነበረው ስፍራ ድኻው ራሱ ተቀመጠ፤ ተሸካሚ የነበረው፥ የሚጠበቅ መዝገብ ሆነ።

እኛስ? ቤተ መቅደሳችን በታቦቱ የከበረ ነው፤ ይህን ክብር ማንም አይወስድበትም። ነገር ግን ለምንጣፉና ለመጋረጃው እየሳሳን፥ በደጀ ሰላሙ የወደቀውን ነዳይ አልፈነው ብንገባ፥ መጋዘን የሆነው ልባችን ነው፤ ሸቀጥ አለበት፥ ሰው የለበትም። ጎተራውን ሊያሰፋ ሲያስብ በዚያች ሌሊት ነፍሱን የተጠየቀው ባለጸጋ የተነቀፈው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ደጁን ከመሳለማችን አስቀድመን ወደ ነዳዩ እንመልከት። አምላካችን ልባችንን ሰው የሚያድርበት ቤት ያድርግልን፤ አሜን።